ከልጁ የቀደመ ስም፦ ማሄር ሻላል ሓሽ ባዝ

ኢሳይያስ ለሁለተኛው ልጁ ያወጣው ስም በመጽሐፍ ቅዱስ ከሚገኙት የሰው ስሞች ሁሉ ረጅሙ እንደ ሆነ ይነገራል። ተማሪዎቼ በርዝመቱ ይስቃሉ፤ እንዴት እንደ ወጣ ግን እምብዛም አይጠይቁም። ስሙ ተተርጉሞ በሚነበብበት የአማርኛ ቅጂ ደግሞ የሰው ስም መሆኑ ራሱ ሊያመልጠን ይችላል።

ሻላል ምርኮ፣ ባዝ ብዝበዛ ማለት ነው። ማሄርና ሓሽ ሁለቱም ፍጥነትን ያመለክታሉ። እንግዲህ ስሙ ምርኮው ፈጥኗል፣ ብዝበዛው ቸኩሏል እንደ ማለት ነው። ማን ማንን እንደሚበዘብዝ ግን አይናገርም።

የሚያስደንቀው ቅደም ተከተሉ ነው። በትረካው መሠረት ነቢዩ ስሙን በትልቅ ሰሌዳ ላይ የጻፈው ልጁ ከመፀነሱ በፊት ነው (ኢሳ. 8፥1-3)። በዕብራይስጡ ከስሙ ፊት እንደ እኛው «ለ» ያለች ፊደል ትገኛለች። በዚያው ምዕተ ዓመት መጨረሻ በይሁዳ እንስራዎች ላይ የታተመው «ለንጉሥ» የሚለው ጽሕፈት የሚጀምረው በእርሷ ነው፤ ባለንብረቱን ታሳያለች። ሰሌዳውን ያነበበ ሰው ይህ ባለቤት ማን ነው ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ በዚህ ስም የሚጠራ ሰው በአገሩ አልነበረምና። ከሁለቱ ምስክሮች አንዱ ካህኑ ኦርያ ነው። በ2ኛ ነገሥት 16 ለንጉሥ አካዝ የደማስቆን መሠዊያ አስመስሎ የሠራው እርሱ ከሆነ (ይመስለኛል)፣ ለነቢዩ አድልቶ መሰከረ የሚለው አይኖርም።

ሕፃኑ አባዬ እማዬ ማለት ሳይጀምር የደማስቆ ሀብትና የሰማርያ ምርኮ ወደ አሦር እንደሚወሰድ ተነገረ። ደማስቆ በ732 ከክርስቶስ ልደት በፊት በቴልጌልቴልፌልሶር እጅ ወደቀች። ሰማርያ የወደቀችው ግን 10 ዓመት ያህል ቆይታ ነው፤ ታዲያ ትንቢቱ ዘገየ? ቁጥር 4 የሚናገረው ስለ ከተማይቱ መውደቅ ሳይሆን ስለ ምርኮዋ ነው፤ አሦርም የሰሜን እስራኤልን ከተሞች በፋቁሔ ዘመን ወስዶ ነበር (2ነገ. 15፥29)።

እኛም ልጆቻችንን ደምሰው፣ አሸብር ብለን ስንሰይም ዓይናችን ጠላት ላይ ነው። የይሁዳ ሰዎችም ይህን ስም በደስታ ሳይሰሙት አልቀሩም፤ የሚበዘበዙት ሁለቱ ጠላቶቻቸው ነበሩና። ነገር ግን ከዚያው ምዕራፍ ጥቂት ቁጥሮች ወረድ ሲሉ ያው የአሦር ጎርፍ ይሁዳን እስከ አንገቷ ያጥለቀልቃታል።