የጫሞ አዞ ልብ

በአርባ ምንጭ፣ ጫሞ ሐይቅ ላይ ጀልባ ነጂው ሞተሩን ቀስ የሚያደርግበት ቦታ አለ፤ «የአዞ ገበያ» ይሉታል። ሻጭም ገዢም የለበትም፤ አዞዎች አፋቸውን ከፍተው ፀሐይ ይሞቁበታል። ጀልባው ሲጠጋ አንዱ ኮሽታ ሳያሰማ ውኃው ውስጥ ይገባል። ቶሎ ይወጣል ብሎ የሚጠብቀው ሰው ግን ይሰለቻል፤ አዞ ሳይንቀሳቀስ ከተኛ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሳይተነፍስ መቆየት ይችላል። አንዱ ምሥጢር ያለው ልቡ ውስጥ ነው።

በመጀመሪያ የራሳችንን ልብ እንይ። መጠኑ የባለቤቱን ጭብጥ ያህላል፤ ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች፣ በድምሩ አራት ክፍሎች አሉት። ሥራው ግን ጎን ለጎን የተጣበቁ የሁለት ፓምፖች ነው። ቀኙ ኦክስጅኑ ያነሰበትን ደም ከደም መልሶች ተቀብሎ ወደ ሳንባ ይገፋል። ደሙ እዚያ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን አራግፎ፣ ኦክስጅን ጭኖ ወደ ግራው ይመጣል። ግራው ደግሞ በትልቁ ደም ቅዳ ከራስ እስከ እግር ጥፍር ያዳርሰዋል። ሳንባ ጎረቤት፣ እግር ሩቅ ነውና የግራው ግድግዳ ከቀኙ ይወፍራል። ሐኪም በማዳመጫ የሚሰማው ድምፅ ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክሉት ቫልቮች ሲዘጉ የሚሰማ ነው። ዕረፍት ላይ ያለ አዋቂ ልብ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ይረጫል፤ በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል።

የእንሽላሊትና የእባብ ልብ ባለ ሦስት ክፍል ሲሆን፣ የአዞ ግን እንደ እኛ ባለ አራት ነው። ልዩነቱ ከቀኙ ፓምፕ ወደ ሳንባ ከሚሄደው መስመር ሌላ፣ በቀጥታ ወደ ሰውነት የሚወስድ ደም ቅዳ መውጣቱ ነው። አዞው አየር እየሳበ ሳለ የግራው ግፊት ስለሚያይል የዚህ ደም ቅዳ በር እንደተዘጋ ይቆያል። ሲጠልቅ የልቡ ምት ይቀንሳል፤ በሳንባው መንገድ ላይ ያለው ጥርስ መሳይ ቫልቭ ይጠብባል፤ የደሙም ከፊል ሳንባን ሳይነካ በዚያው በር ወደ ሰውነት ይመለሳል። አዲስ አየር ወደማይገባበት ሳንባ ደም ማመላለስ ትርፉ ድካም ነዋ! ከግራውና ከቀኙ ፓምፕ ወደ ሰውነት የሚወጡትን ሁለቱን ትልልቅ ደም ቅዳዎች የምታገናኘው ቀዳዳም ጣሊያናዊው ሐኪም ባርቶሎሜዮ ፓኒዛ በ1833 እ.ኤ.አ. ስለገለጻት በስሙ ትጠራለች።

ለአዞ መላ የሆነው አቋራጭ ለሰው ግን ሕመም ነው። በቀኝና በግራ መካከል ባለው ግድግዳ ላይ ሰፊ ቀዳዳ ይዞ የተወለደ ሕፃን፣ ኦክስጅን የጫነው ደሙ በቀዳዳው ተመልሶ ሳንባውን ያጨናንቀዋል፤ ልቡም ያለ ፋታ ይደክማል። ጡት ሲጠባ የሚያልበው፣ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ፣ ክብደት አልጨምር ያለ ሕፃን ካለዎት «ያድጋል፣ ይተወዋል» ብለው አይጠብቁ፤ ልቡን ያስመርምሩለት።