ጠገራውን ተዉት፣ ከግርሽ ጀምሩ

ባሕር ዳር ውስጥ የድሮ ገንዘብ መሰብሰብ እፈልጋለሁ ላለ ሰው መጀመሪያ የሚቀርብለት ጠገራ ብር ነው። ትልቅ ነው፣ ይከብዳል፣ ድንጋይ ላይ ሲጥሉት ይጮኻል። ለጀማሪ ግን ከጠገራ የባሰ አስተማሪ የለም። መጀመር ያለበት ሻጩ ራሱ ከረሳት፣ ከመስቀልና ከአምባር ሥር ተደብቃ ከምትገኘው፣ ፊቷ ሊጠፋ ከደረሰው የምኒልክ ግርሽ ነው።

ስለ ግርሽ ማወቅ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በስማቸው ፓሪስ ያስቀረጹት ገንዘብ ላይ የሚነበበው ዓመት ከ1887 ዓ.ም. ይጀምራል። ትልቁ ብር ነው፤ ግማሹ አላድ፣ አራተኛው ሩብ፣ ስምንተኛው ተሙን ይባላል። ከብሮቹ ሁሉ የምታንሰው ግርሽ ናት፤ መሐለቅ የሚሏትም አሉ። ትልቁ 28 ግራም ከጥቂት ሲመዝን እሷ 1.4 ግራም ገደማ ናት። ከሺህ 835 እጇ ንጹሕ ብር ነው። በአንድ ፊቷ ዘውድ የደፉት ንጉሥ፣ በሌላው ሰንደቅ የያዘው አንበሳ አለ። ስለ መልኳ ይህ ይበቃል።

ማለቋን ሰዎች እንደ ነውር ያዩታል። እኔ የምወዳት ግን ለዚሁ ነው። ጠገራ ፊቱ ሲደበዝዝ ገበያው አይቀበለውም ነበር። ገበሬውም ነጋዴውም በጠገራው ላይ የተቀረጸችውን የኦስትሪያዋን ንግሥት የማርያ ቴሬዛን የደረት ጌጥ አተኩሮ እያየ ዕንቁዎቹን ይቆጥር ነበር፤ ዘጠኙ በግልጽ ካልታዩት ገንዘቡን መልሶ ይሰጣል። ያለቀ ጠገራ መጨረሻው የአንጥረኛ እሳት ሆኖ መስቀል ወይም ጉትቻ ይወጣዋል። ግርሽ ላይ ግን ዕንቁ የሚቆጥር አልነበረም። ከእሷ በፊት፣ ከጣና በስተ ምሥራቅ ባለው የይፋግ ገበያ ጭምር፣ ለጠገራው ዝርዝር የነበረው አሞሌ ጨው ነው፤ ጨው ደግሞ ዝናብ ያሟሟዋል፣ መንገድ ይሸራርፈዋል። የምኒልክን ትልቁን ብር ሰው ጠገራውን ለምዶ ለብዙ ዓመት ፊቱን ቢያዞርበትም፣ ትንንሾቹ ዝርዝር ላልነበረው ገበያ ነበር የመጡት። የግርሽ ፊት የጠፋው ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ነው። እንደ ወጣች ሳጥን ገብታ የቀረችው ታበራለች፣ ነገር ግን ምንም አልገዛችም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልግባ። ሰው ሁሉ የድሮ ገንዘብ ሲይዝ ዓመቱን ፈልጎ ያነባል፣ ያነበበውንም እንደ ልደት የምስክር ወረቀት ያምናል። ሐይቅ ዳር፣ ጀልባ መሳፈሪያው አካባቢ አንድ ወጣት ሻጭ ጠገራ እያሳየኝ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ከአፄ ቴዎድሮስ በፊት የተሠራ ነው፤ ያውና 1780 ይላል» አለኝ። «ምናልባት አባትህ ከተወለዱ በኋላ የተሠራ ይሆናል» አልኩት። ሳቀ፤ ዋጋውን ግን አልቀነሰም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማርያ ቴሬዛ ያረፉት በፈረንጆቹ 1780 ነው። የቀይ ባሕር ገበያ የለመደውን መልክ ስለሚፈልግ ቪየና ያንኑ ዓመት እየደገመች ማተሟን ቀጠለች። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ለስንቅና ለአጋሰስ የሚከፍለው ጠገራ በትእዛዝ ታትሞለታል። ጣሊያን ልትወረን ስትዘጋጅ በ1927 ዓ.ም. ማተሚያ ቅርጹን ከኦስትሪያ ወስዳ ሮም ላይ አተመች፤ ለንደን፣ ፓሪስና ቦምቤይም ገቡበት። ቪየና ዛሬም ለፈለገ ትሸጣለች። ሁሉም 1780 ይላሉ።

የእኛዎቹም ከዚህ ልማድ አላመለጡም። 1895 የሚል ግርሽ ንጉሠ ነገሥቱ በ1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላም፣ እስከ 1920 ዓ.ም. ገደማ፣ ዓመቱ ሳይለወጥ ተቀርጿል። የአፄ ኃይለ ሥላሴ የብር ሃምሳ ሳንቲም ላይ ያለው 1936ም እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ ከሺህ 800 እጁ ብር ነበር፣ በኋላ ወደ 700 ወረደ፣ ዓመቱ ግን አልተነካም። ስለዚህ «የ1895 ግርሽ አለኝ» ማለት ዓይነቱን መናገር እንጂ ዕድሜውን መናገር አይደለም።

ዓመቱ ጨርሶ አይጠቅምም አላልኩም። ያለቀ ግርሽ ላይ ፲፰፻፹፱ን ከ፲፰፻፺፭ መለየት ጀማሪን ዓይን ያስከፍታል። መብራቱን ከጎን አድርጉት፣ ሳንቲሙን በጣት ቀስ እያላችሁ አዙሩት፤ በቀጥታ ሲያዩት የጠፋው ቁጥር በጥላው ይወጣል። 1889 ካገኛችሁ ከዓድዋ ድል ማግሥት ያለውን ዓመት የያዘች ናትና ደስ ይበላችሁ። ዓመቱ ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን አትርሱ፤ ይህን ሳያውቁ ሰባት ስምንት ዓመት አስረጅተው የሚገዙ ቱሪስቶች አሉ።

ነጭ የሆነ ሁሉ ብር አይደለም። 1923 የሚሉት የ10፣ የ25 እና የ50 መቶኛ ሳንቲሞች ኒኬል ናቸው፤ ማግኔት ሲጠጋቸው ይሳባሉ፣ ብር ግን አይሳብም። የ1936ቱን የመዳብ ሃያ አምስት ሳንቲም በብር ለብጠው እንደ ብሩ ሃምሳ የሚያሳልፉም ነበሩ። በኋላ የሃያ አምስቱ ጠርዝ ሞገድ መሳይ እንዲሆን የተደረገው በዚህ ምክንያት ነው። ጥርጣሬ ካላችሁ ወደ ብር ሠሪ ሄዳችሁ አስመዝኑ። ያለቀች ግርሽ ከ1.4 ግራም ጥቂት ትጎድላለች፤ በብዙ ከጎደለች ወይም ከበለጠች ግን ሌላ ነገር ናት።

እባካችሁ አትፈግፍጉ! ሎሚ፣ አመድ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ሁሉንም በዓይኔ አይቻለሁ። ጥቁረቱ ቆሻሻ አይደለም፤ ብሩ አየር ውስጥ ካለው ድኝ ጋር ተገናኝቶ ያበጀው ሽፋን ነው፣ ለፊደሎቹም ጥላ የሚሰጣቸው እሱ ነው። ፈግፍጋችሁ ያነጣችኋት ግርሽ ልትነበብ የቀራትን ጥቂት መልክ ታጣለች። ጭቃ ካለባት በንጹሕ ውኃ አለቅልቃችሁ በለስላሳ ጨርቅ ጫን እያደረጋችሁ አድርቁ፣ ከዚያ በወረቀት ፖስታ አስቀምጡ። ለስላሳው ፕላስቲክ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ ያስተፋታል።

የተበሳች ግርሽም አትናቁ። የውጭ ሰብሳቢዎች ቀዳዳ ሲያዩ ይሸሻሉ፣ በዚህም ዋጋዋ ዝቅ ይላል። ለኪሳችሁ መልካም ነው፤ የሆነች ሴት አንገት ላይ የዋለች ገንዘብ በርካሽ ታገኛላችሁ።

አንድ ነገር ግን አይነካም። የጣና ደሴቶችና የዘጌ ገዳማት ንብረት ነው የተባለ ማንኛውም ነገር ሲቀርብላችሁ፣ ሳንቲምም ይሁን መስቀል፣ ዋጋውን አትጠይቁ፣ ሂዱ። ቅርስን ያለፈቃድ ከአገር ማውጣትም በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው፤ ውጭ ላለ ዘመድ ስጦታ ለመላክ የምታስቡ ይህን እወቁ።

የአያታችሁ ሳጥን ውስጥ ጥቁር ቁራጭ ካያችሁ ለአንጥረኛ ከመስጠታችሁ በፊት ቁጥሩን አንብቡ፤ ከማን እጅ እንደመጣም ጠይቃችሁ ፖስታው ላይ ጻፉት።