ጤና ሠራተኛው ስለ ምን አመነታ?

በአገራችን የኮሮና ክትባት የተጀመረው መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. በኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ነው። ይህም የመጀመሪያው በሽተኛ በተገኘ ልክ በዓመቱ መሆኑ ነው። ቅድሚያ የተሰጠው ለጤና ሠራተኞች ነበር፤ ዳሩ ግን ከእነርሱ መካከል ለመከተብ ያመነቱት ጥቂቶች አልነበሩም። «ሐኪምና ነርስ ከመርፌ ከሸሹ እኛስ ምን እንሁን?» ያለ ብዙ ነው።

ነገሩን በቀኑ እንመልከተው። ክትባቱ አስትራዜኔካ የሚባለው ነበር። እኛ ከጀመርን ከ2 ቀን በኋላ፣ መጋቢት 6፣ ጀርመን፣ ፈረንሳይና ኢጣልያ ይህንኑ ክትባት ለጊዜው አቆሙ። ምክንያታቸውም ከተከተቡት መካከል ደም የረጋባቸው ጥቂት ሰዎች መገኘታቸው ነው። እንግዲህ የጤና ጣቢያ ነርስ «ተከተቢ» የሚለውን ትእዛዝና «አቁመናል» የሚለውን ዜና በአንድ ሰሞን ሰማች። ብትጠራጠር ምን ያስደንቃል?

የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት መጋቢት 9 ቀን የክትባቱ ጥቅም ከጉዳቱ እንደሚበልጥ አስታወቀ። መጋቢት 29 ቀን ደግሞ የደም መርጋቱ እጅግ አልፎ አልፎ የሚደርስ ጉዳት ሆኖ እንዲመዘገብ አደረገ። በእንግሊዝ አገር በተሰበሰበው ቁጥር መሠረት ይህ የሚደርሰው ከ100,000 ተከታቢ በ1 ወይም በ2 ሰው ላይ ነው። በሽታው ግን በአገራችን ብቻ፣ ተመርምሮ በተመዘገበው እንኳ፣ ከ7,000 በላይ ሰው ገድሏል። ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን ያየ ሰው ለራሱ ይፈርዳል።

ለነርስዋ የሚያስፈልጋት ይህ ነበር እንጂ ተግሣጽ አልነበረም። የእርስዋ ጥርጣሬ ከሌላው ሰው ጥርጣሬ ይከብዳልና። በሽተኛው የሚጠይቀው «ክትባቱ እንዴት ተሠራ?» ብሎ አይደለም፤ «እኅቴ፣ አንቺስ ተከትበሻል?» ብሎ ነው። እርስዋ «እንጃ» ካለች ወሬው ማታውኑ ሰፈሩን ያዳርሳል። «አዎን፤ ጉዳቱ ይህን ያህል ነው፣ ጥቅሙም ይህን ያህል» ካለች ግን ከማናቸውም ዐዋጅ ይልቅ ትታመናለች።

ያ ክትባት በ2016 ዓ.ም. ከገበያ ወጥቷል፤ ሌላ ወረርሽኝና ሌላ ክትባት በመጣ ጊዜ ግን ጥያቄው ተመልሶ ይመጣል። እኛ በቂሊንጦ የምንማረው ለመድኃኒት ፋብሪካዎች የተሠራው የኢንዱስትሪ ፓርክ ጎረቤቶች ነን። ከመካከላችን ነገ መድኃኒት የሚቀምም አይጠፋም። እርሱም ጥቅሙንና ጉዳቱን ሳይሸሽግ፣ በቁጥር፣ በሚገባ አማርኛ ጽፎ ከብልቃጡ ጋር ለነርስዋ ማድረስን ከሥራው አንዱ ክፍል አድርጎ ይቍጠረው።