በውርጭ ምድር ስለ መቋቋም፦ የጭቃ ቤት፣ በግና የበረት ውሻ

ድርቅ ያደኸየው ገበሬ ሁሉ ወደ ቆላ የሚሠፍር አይደለም። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ በተወሰደበት ወቅት እንኳ አብዛኛው ደገኛ ከቀዬው አልተነቀለም። መንዝን፣ ጉናንና ባሌን በመሰለው፣ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው አገር ዛሬም ሕዝብ ይኖራል፤ አንዳንዱም መሬት ሲጠበው ሽቅብ ወደ ባሰው ብርድ ወጥቶ ጎጆ ይቀልሳል። ለዚህ ኑሮ የሚሰጠው ርዳታ በቆላ ልማድ ሊመዘን አይገባም።

በውርጭ ምድር ቀዳሚው ጠላት ሌሊቱ ነው። በበጋ ወራት ቀን ፀሐይ ታቃጥላለች፤ ሌሊት ግን ሰማዩ ጠርቶ ብርዱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ወፍራም የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ የሚጠቅመው በዚህ ጊዜ ነው፤ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ቀስ እያለ ይመልሳል። ቆርቆሮ ዝናብን መመከቱ ባይካድም ሙቀትን ወዲያው ይለቃል፣ ከሥሩም ጠብታ ያዘንባል። ስለሆነም ለደጋ ቤት ቆርቆሮ የሚታደል ከሆነ በጭቃ የተመረገ ኮርኒስ አብሮ ሊታሰብ ያሻል።

ጭቃው የገብስ ጭድ ተጨምሮበት፣ በእግር ተረግጦ ለቀናት ሊቦካ ይገባል፤ ጭዱ ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል። መሠረቱ በድንጋይ ከምድር ከፍ ካላለ ግን ክረምቱ ግድግዳውን ከሥር ይበላዋል። በእርጥብ ልስን ውስጥ ያለው ውኃ ሌሊት ከረጋ ልስኑ ይፈረፈራልና ሥራው ማለዳ ተጀምሮ ማምሻውን በጭድ መሸፈን አለበት። ለክዳን የመንዝ ሰው የጓሳን ሣር ይወዳል። ይህን ሣር አባቶች በአባ ቀራ እየተመሩ ለዓመታት እየዘጉና በወቅቱ እየከፈቱ ሲያሳጭዱት ኖረዋል፤ ሥርዓቱ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ፈርሶ፣ ቆይቶ በሌላ መልክ ተቋቁሟል። ለሠፋሪ ቤት ሣር ማሳጨድ የሚሻ ባለሥልጣን ከባለ ሣሩ ሕዝብ ጋር ሳይማከር ማጭድ ሊያስነሣ አይገባውም።

ከቤቱ ቀጥሎ የቤተሰቡ ሀብት በጉ ነው፤ በጉን ከጅብና ከቀበሮ የሚያቆየው ደግሞ ውሻው። በርዳታ መዝገብ በግና ፍየል ሲቈጠር ውሻ እምብዛም አይታሰብም። የደጋችን ውሻ ጥቅሙ አውሬ ተናንቆ መጣሉ ሳይሆን ጮኾ ባለቤቱን መቀስቀሱ ነው። በቱርክና በኢጣልያ ተራሮች እንደ ኖረው ጥበብ፣ ቡችላ ከስምንት ሳምንት ግድም ጀምሮ በበረት ከበጎች ጋር ካደገ እነርሱን እንደ ወገኑ ይይዛል፤ ከልጆች ጋር በማድቤት ያደገው ግን ምድጃውን እንጂ መንጋውን አይጠብቅም።

ይሁን እንጂ ውሻ አደጋም ያመጣል። በ1995 መጨረሻና በ1996 ዓ.ም. በባሌ ተራሮች የተነሣው የእብድ ውሻ በሽታ ከእረኞች ውሾች ወደ ቀይ ቀበሮ ተላልፎ በወብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ፈጅቷል። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ከነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ናቸው። ጉዳቱ የዱር አራዊት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ያው በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ሰውንም የሚምር አይደለም።

ሌላው በዝምታ የሚጎዳው የውሻ ኮሶ ነው። በግ ሲታረድ በጉበቱና በሳንባው ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ከታየ ለውሻ መጣል የለበትም። ያን የበላ ውሻ ኮሶ ያበቅላል፤ ከዓይነ ምድሩ የሚወጣው የኮሶ እንቁላል በግጦሽ፣ በእጅና በውኃ ወደ በጉና ወደ ሰው ይመለሳል። ሰውና ከብት በአንድ ጣራ ሥር በሚያድሩበት የደጋ ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የታመመው አካል ይቃጠል ወይም በጥልቅ ይቀበር፤ ለውሾቹም ፕራዚኳንቴል ይሰጥ።

የክትባቱን ሥራ እህል በሚታደልበት ሰሞን አብሮ ማከናወን ይቻላል፤ የተበተነው ሕዝብ በአንድ ሥፍራ የሚገኘው ያን ጊዜ ነውና። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ከመቶ 70 ያህሉ በየዓመቱ ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። የተነከሰ ሰው ቢኖር ቁስሉ ሳይውል ሳያድር በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ከዚያም ሰውየው ለክትባት ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ።