ከመርዶ በኋላ ዋጋ መጠየቅ

በአገር ቤት እድር ተከፋፍሎ የሚሠራውን የቀብር ሥራ በአሜሪካ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ በአብዛኛው ለአንድ የንግድ ቤት ይሰጣል፤ ይህም ‹ፊውነራል ሆም› እየተባለ የሚጠራው፣ አስከሬን ከሆስፒታል የሚረከብ፣ ለቀብር የሚያዘጋጅና ከሞት ጋር የተያያዙ ወረቀቶችን የሚያስጨርስ ድርጅት ነው። በሐዘን ወቅት በዋጋ መከራከር ሟችን ማሳነስ ስለሚመስል፣ ብዙ ቤተሰብ በመጀመሪያ በተጠቆመለት ቤት ሳያወዳድር ይፈርማል።

የአሜሪካ ሕግ ይህን ድካም አስቀድሞ ያወቀው ይመስላል። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1984 ሥራ ላይ ያዋለው የቀብር አገልግሎት ደንብ እንደሚያዝዘው፣ ቢሮው ድረስ ሄዶ ስለ ቀብር ለሚጠይቅ ሁሉ ድርጅቱ ጠያቂው ይዞት የሚሄደውን የታተመ የዋጋ ዝርዝር መስጠት፣ በስልክ ለሚጠይቅም ስምና አድራሻ እንዲሰጥ ሳያስገድድ ዋጋውን መንገር አለበት። ቤተሰቡ ከዝርዝሩ የፈለገውን ብቻ ይመርጣል፤ የማይቀረው ወረቀት ማስጨረሱንና ማስተባበሩን የሚሸፍነው መሠረታዊ የአገልግሎት ክፍያ ነው።

ገንዘብ በብዛት የሚወጣው በሣጥን ላይ በመሆኑ፣ ደንቡ ሣጥኖቹ ከመታየታቸው በፊት የዋጋቸው ዝርዝር እንዲቀርብ ያስገድዳል፤ ርካሾቹ ሁልጊዜ ለዕይታ አይቀመጡምና። ከሌላ ቦታ የተገዛ ሣጥንም ድርጅቱ ያለ ተጨማሪ ክፍያ መቀበል አለበት። ‹ኢምባልሚንግ›፣ ማለትም አስከሬን ቶሎ እንዳይፈርስ በደም ሥሩ ኬሚካል መሙላት፣ ሕግ ሳያዝዝ ‹ግዴታ ነው› ተብሎ ሊሸጥ አይችልም፤ ጀናዛን በቶሎ ለሚቀብር ሙስሊም ቤተሰብ ይህን ማወቅ እጅግ ይጠቅማል፣ ዘመድ እስኪመጣ ፍትሐት ለሚያቆይ ክርስቲያንም ማቀዝቀዣ ሊበቃ ይችላል።

አስከሬኑ ወደ ኢትዮጵያ የሚሄድ ከሆነ ግን ርካሹ ቤት የተሻለው ላይሆን ይችላል። የሞት የምስክር ወረቀቱና የጤና ማረጋገጫው ለቆንስላ መቅረብ፣ ጭነቱም በካርጎ መያዝ ስላለባቸው፣ አስከሬን ወደ አዲስ አበባ ልኮ የሚያውቅ፣ በአየር መንገዶች ዘንድም በታወቀ ላኪነት የተመዘገበ ድርጅት ከብዙ መጉላላት ያድናል። ይህን ሁሉ ደውሎ የሚያጣራው የሟች ልጅ ወይም ባለቤት ባይሆን ይመረጣል፤ ከማኅበረሰቡ ወይም ከጓደኞች አንዱ የዋጋ ዝርዝሮቹን ሰብስቦ ቢያወዳድር ለሐዘንተኛው የሚቀረው ውሳኔውና ፊርማው ነው። የመቃብር ቦታው ሒሳብ ለብቻው የሚታሰብ ሲሆን፣ በሣጥኑ ዙሪያ የሚቀበረውን የሲሚንቶ ከለላ የትኛውም ክፍለ ግዛት በሕግ ባያስገድድም ብዙ የመቃብር ስፍራዎች መሬቱ እንዳይሰምጥ ሲሉ ይጠይቁታል፤ ስለዚህ የዚያም ዋጋ ከድርጅቱ ጋር ከመፈራረም በፊት ይጠየቃል።