የጠራ ውኃ ዓሣን ሲጎዳ
በቤት ውስጥ የውኃን ጠባይ ስለ መለካት

ሰው ለሚጠጣውና ለሕፃናቱ ምግብ ለሚያዘጋጅበት ውኃ ጥራትን ቢሻ የተገባ ነው። ነገር ግን በመስተዋት ገንዳ ውስጥ ለሚኖር ዓሣ እጅግ የጠራው ውኃ ሁልጊዜ የተሻለ አይደለም፤ ለመለካትም ከሁሉ የሚያስቸግረው ይኸው የጠራው ውኃ ነው። ይህን እኛ ያወቅነው በቤታችን ጉዳት ከደረሰ በኋላ ስለ ሆነ፣ ሌላው ቤተ ሰብ ያለ ጉዳት ያውቀው ዘንድ ለአንባቢዎቻችን ልናካፍል ወደድን።

ፍላቂት ከወልድያ ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የመቄት ወረዳ ከተማ ናት። ስሟ ለሰሚው የምንጭን መፍለቅ ያሳስባል፤ በዚያ ደጋም ከገደል ሥር የሚወጣ ቀዝቃዛ ውኃ አይታጣም። በዚያ በተቀመጥንበት ዘመን ለልጃችን አምስት ወርቅማ ዓሦች ከአዲስ አበባ አስመጥተን በመስተዋት ገንዳ አኖርንለት። ክረምቱ ገብቶ የቧንቧው ውኃ በደፈረሰ ጊዜ ባለቤታችን አዝነው «ለራሳችን የመረጥነውን ውኃ ለነዚህ ፍጥረቶች እንዴት እንነሣለን?» ስላሉ፣ ሦስት ሳምንት ያህል የገንዳውን ውኃ እየቀነስን ከሱቅ በተገዛ የተጣራ ውኃ ስንተካ ቈየን።

ውኃው እንደ ብርሌ ጠራ፤ ዓሦቹ ግን ምግብ ትተው ክንፋቸውን አጥፈው ከገንዳው ሥር ተኙ። ነገሩን ለመመርመር ብለን የውኃን ኮምጣጣነት የሚያሳዩ ሦስት ዓይነት መለኪያዎች አገኘን። ወረቀቱ 7 አለ፤ ቀለም የሚሰጠው ጠብታ 6 አለ፤ የኤሌክትሪኩ መለኪያ ደግሞ ከ6.8 ጀምሮ ቀስ በቀስ እየወረደ ከ6 በታች ደረሰ፤ እዚያም አልረጋም። ሦስት ምስክሮች ሦስት ቃል ሰጡ። እኛም ነገሩን ሳናጣራ ለመፍረድ ቸኩለን አንድ ሙሉ ማንኪያ የሶዳ ዱቄት በገንዳው ውስጥ በተንን፤ ቍጥሩ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ8 አለፈ። በማግሥቱ ሁለቱ ዓሦች ሞተው ተገኙ። ልጃችንም «አባባ፣ ውኃው ንጹሕ አልነበረም እንዴ?» ብሎ ጠየቀን። መልሱን ለማግኘት መጻሕፍት መመልከትና ዐዋቂ መጠየቅ አስፈለገን።

ይህ ፒኤች የሚባለው መስፈሪያ የተገኘው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1909 ዓ.ም. ነው። ያወጣውም ሶረንሰን የተባለ የዴንማርክ የኬሚስትሪ ሊቅ ሲሆን፣ በኮፐንሃገን ከተማ የካርልስበርግ ቢራ ጠማቂዎች ባቋቋሙት የምርምር ቤት ይሠራ ነበር። መስፈሪያው እንደ ልማዱ ከ0 እስከ 14 ይቈጠራል፤ 7 መካከለኛ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ኮምጣጣ፣ ከዚያ በላይ ያለው አልካሊ ይባላል። ልብ ሊባል የሚገባው አንዱ ቍጥር ከሚቀጥለው የዐሥር እጥፍ ልዩነት ያለው መሆኑ ነው። እንግዲህ ከ6 ወደ 8 የዘለለው ገንዳችን በአንድ ሰዓት የተለወጠው መቶ እጥፍ ነው። በአገራችን የሁለቱም ወገን ምሳሌ ይገኛል፤ የሻላና የአቢጃታ ሐይቆች ውኃ ከ9 ያልፋል፣ የዳሎል ኮምጣጣ ምንጮች ግን ከ1 በታች ይወርዳሉ። የኤሌክትሪኩን መለኪያ ደግሞ በ1934 ዓ.ም. ቤክማን የተባለ የአሜሪካ ሊቅ የሠራው በካሊፎርኒያ የሎሚ ጭማቂ ኮምጣጣነት እንዲለካበት ተጠይቆ ነው።

አሁን የጠራው ውኃ ለምን እንዳታለለን እንናገር። ውኃ የሚጣራበት መንገድ ልዩ ልዩ ነው። አንደኛው እንደ አረቄ አወጣጥ አፍልቶ እንፋሎቱን ማጠራቀም ነው፤ ሌላው በኃይል እየገፉ በረቂቅ ወንፊት ማሳለፍ ነው። በሁለቱም መንገድ ጉድፉ ብቻ ሳይሆን ውኃው ከዓለት ያገኘው ማዕድን አብሮ ይቀራል። ከማዕድኖቹ አንዱ ባይካርቦኔት የሚባለው ነው። ይህ ለውኃ እንደ ዋስ ነው፤ ኮምጣጣ ነገር በመጣ ጊዜ ዕዳውን እርሱ ይከፍልና የውኃው ጠባይ ሳይናወጥ ይቈያል። ማዕድኑ የወጣለት ውኃ እንግዲህ ዋስ የሌለው ውኃ ነው። በአየር ውስጥ ያለው ጥቂት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ገብቶበት ካርቦኒክ አሲድ ሲሆን የሚመልሰው ስለሌለ፣ 7 የነበረው ፈጽሞ የጠራ ውኃ ተከፍቶ ሲቀመጥ ወደ 5.6 ይወርዳል። እንደ ላስታና መቄት ባለ ደጋ አየሩ የሳሳ ስለ ሆነ አወራረዱ በጥቂት ያንሳል እንጂ አይቀርም።

መለኪያዎቹ ያልተስማሙትም በዚሁ ምክንያት ነው። የኤሌክትሪኩ መለኪያ ሥራውን የሚሠራው በውኃው ውስጥ ባለ ማዕድን አማካይነት ስለ ሆነ፣ ማዕድን ባጣ ጊዜ ቍጥሩ ይዋልላል፤ ያን ጊዜም አየሩ ውኃውን እየለወጠው ነው። የጠብታው መድኃኒት በራሱ ጥቂት ኮምጣጣነት ወይም አልካሊነት ስላለው፣ ዋስ የሌለውን ውኃ ወደ ራሱ ይጎትተዋል። የወረቀቱም ቀለም እንዲሁ ዘግይቶና ደብዝዞ ይታያል። መለኪያዎቹ ሳይበላሹ የተለያየ ቃል የሰጡት እንግዲህ ውኃው ራሱ የጸና ጠባይ ስላልነበረው ነው።

ይህን በዓይኑ ማየት የሚወድ በአምቦ ውኃ ይሞክር። ጠርሙሱ እንደ ተከፈተ ቢለካ በውስጡ ባለው ጋዝ ምክንያት ኮምጣጣ ሆኖ ይገኛል። በሰፊ ዕቃ ገልብጦ፣ እስኪተነፍስ አሳድሮ ቢለካው ግን ቍጥሩ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ጋዙ ሲወጣ ባይካርቦኔቱ ይቀራልና። ስለዚህ ማንኛውንም ውኃ ለዓሣ ከመስጠት በፊት በአየር አናፍሶ መለካት ተገቢ ነው።

የዓሦቹን ሞት ያመጣው ግን ሌላ ነገር ተጨምሮበት ነው። ዓሣ ከሰውነቱ አሞኒያ ያወጣል፤ በገንዳው ውስጥ የሚኖሩ ረቂቃን ተሕዋስያን ያን ጉዳቱ ወደሚያንስ ነገር ይለውጡታል፤ ሲለውጡም ባይካርቦኔቱን ይጨርሱታል። ውኃው ከ6 በታች በወረደ ጊዜ ተሕዋስያኑ ይደክማሉ፣ አሞኒያውም ይጠራቀማል። በኮምጣጣ ውኃ ውስጥ አብዛኛው መርዝነት የሌለው ሆኖ ይቀመጣል። ሙቀቱ 25 ዲግሪ በሆነ ውኃ ውስጥ ፒኤቹ 7 ሲሆን ከመቶው መርዝ የሚሆነው አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ 8 ሲሆን ግን ከመቶ 5 ያህል፣ 9 ሲሆን ከመቶ 36 ያህል ይሆናል። እኛ በሶዳው ቍጥሩን ስናስተካክል የተኛውን መርዝ አስነሣን። ዓሦቹን የጎዳቸው የጠራው ውኃ ብቻ አልነበረም፤ የኛም ችኰላ ነበረበት።

ስለዚህ ከጉዳታችን የተማርነውን ሥርዓት እንደሚከተለው እንጽፋለን።

አንደኛ፤ የተጣራውን ውኃ ለብቻው ለክቶ በቍጥሩ መጨነቅ አይገባም። መለካት የሚገባው ከምንጭ ወይም ከጉድጓድ ውኃ ጋራ ከተቀላቀለና አንድ ቀን በአየር ከተናፈሰ በኋላ ነው።

ሁለተኛ፤ ከፒኤች አስቀድሞ ዋሱን፣ ማለት የባይካርቦኔቱን ብዛት መመርመር ነው። ለዚህ የሚሸጠው ጠብታ በ5 ሚሊ ሊትር ውኃ ላይ እየተቈጠረ ቀለሙ እስኪለወጥ ይንጠባጠባል፤ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ጠብታ አንድ ዲግሪ ነው። ለወርቅማ ዓሣና ለተለመዱት ዓሦች ከ4 እስከ 8 ዲግሪ ቢሆን መልካም ነው።

ሦስተኛ፤ የኤሌክትሪክ መለኪያ ያለው ሰው ከመለካቱ በፊት 7 እና 4 በሆኑት ማስተካከያ ፈሳሾች ያርመው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያዛውርም ጫፉን ይለቅልቀው። ጫፉን በራሱ ማስቀመጫ ፈሳሽ ያኑረው እንጂ በተጣራ ውኃ ነክሮ አይተወው፤ ይጎዳዋልና።

አራተኛ፤ የምንጭ ውኃ የማያገኝ ሰው በአንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የተጣራ ውኃ ላይ የሻይ ማንኪያ እኩሌታ የሶዳ ዱቄት ቢጨምር ወደ 4 ዲግሪ ይደርሳል። ይህም በጀሪካኑ ውስጥ እንጂ ዓሦቹ ባሉበት ገንዳ ውስጥ አይደረግ። ሶዳው ካልሲየም ስለማይሰጥ የምንጭ ውኃ የተገኘ እንደ ሆነ እርሱ ይበልጣል።

አምስተኛ፤ በአንድ ጊዜ ከገንዳው ውኃ ከሩብ የበለጠ አይለወጥ፤ ፒኤቹም በአንድ ቀን ከ0.3 የበለጠ እንዲለወጥ አይደረግ።

የዝናብ ውኃም በዚህ ነገር ከተጣራው ጋራ አንድ ነው፤ ዋስ የለውም። ከዚህም በላይ ከቆርቆሮ ክዳን የወረደ እንደ ሆነ ዓሣን የሚጎዳ ዚንክ ይዞ ሊመጣ ስለሚችል አንመክርም። የተጣራ ውኃ ግን ፈጽሞ የማይጠቅም እንዳይመስል እንናገራለን፤ በስምጥ ሸለቆ እንዳሉት አንዳንድ ስፍራዎች የጉድጓዱ ውኃ እጅግ አልካሊ በሆነበት አገር እየቀላቀሉ ለማለዘብ፣ እንደ አማዞን ካሉ ለስላሳ ወንዞች ለመጡ ዓሦችም ውኃ ለማዘጋጀት መልካም ነው።

በቤታችን የተረፉት ሦስት ዓሦች የዳኑት ከምንጭ በተቀዳ ውኃ ነው። በየሁለት ቀኑ ጥቂት ጥቂት እየለወጥን ዋሱ 5 ዲግሪ፣ ፒኤቹ 7.4 ሆኖ ሲረጋ ሦስቱም መለኪያዎች ተቀራራቢ ቃል ሰጡ፤ ዓሦቹም ወደ ምግባቸው ተመለሱ። ልጃችን ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ጧት የሚለካውን በደብተሩ እየጻፈ ያኖራል። በመጀመሪያው ገጽም የሁለቱን ዓሦች መሞት ከነቀኑ ጽፎታል። እኛም እንዲሰርዘው አላዘዝነውም።