ቫይረሶች፣ የባሕር ደቂቅ አልጌዎችና የውቅያኖስ ንጥረ ምግቦች ዑደት

ቫይረስ ሲባል በጤና ባለሙያ አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው ሕመምተኛ ነው። የኩፍኝ፣ የጉበት ብግነት ወይም የኤች አይ ቪ ቫይረስ የሰውን ሕዋስ እንዴት እንደሚይዝና እንደሚያፈርስ ሁላችንም ተምረናል። ብዙም ያልተማርነው፣ ተመሳሳይ ጥቃት በባሕር ውስጥ በየዕለቱ እንደሚካሄድና ከዚያ የሚተርፈው ነገር የውቅያኖስን ሕይወት እንደሚመግብ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1989 የኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ባደረጉት ቆጠራ፣ በአንድ ሚሊ ሊትር ያልተበከለ የተፈጥሮ ውሃ ውስጥ እስከ 250 ሚሊዮን የሚደርሱ የቫይረስ ቅንጣቶች መኖራቸውን አስታወቁ። ይህ ቀደም ሲል ከተዘገበው ቢያንስ በሺህ እጥፍ ይበልጥ ነበር። ቀደምት ቆጠራዎች በአብዛኛው የተመሠረቱት በቤተ ሙከራ ሊራቡ በቻሉት ላይ ነበር፤ በካልቸር ያልበቀለ ሁሉ የለም ማለት እንዳልሆነ ደግሞ የላቦራቶሪ ባልደረቦቻችን በሚገባ ያውቁታል።

ደቂቅ አልጌዎች በውሃ ውስጥ ተንሳፍፈው የሚኖሩ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታት ናቸው። ከሳያኖባክቴሪያ ጋር በመሆን በምድር ላይ በብርሃን አስተፃምሮ ከሚዘጋጀው ምግብ ግማሽ ያህሉን ያዘጋጃሉ። ከቫይረስ ጋር ያለው ግንኙነት በሰፊው የተጠናው ኤሚሊያኒያ ሃክስሌይ የተሰኘው አልጌ ነው። መጠኑ ከቀይ የደም ሕዋስ ጋር ይቀራረባል፤ ገላውንም በኖራ ቅርፊቶች ይሸፍናል። በሰሜን አትላንቲክ ሲበዛ ባሕሩ ወተት የተቀላቀለበት እስኪመስል ይነጣል፤ ከሳተላይትም ይታያል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ይህ ሁሉ ይከስማል። እ.ኤ.አ. በ1993 በታተመ የኖርዌይ ጥናት፣ በባሕር ውሃ ውስጥ በተዘረጉ ትላልቅ ከረጢቶች ክትትል ተደርጎ፣ ለዚህ መክሰም ዋነኛው ምክንያት ቫይረስ ሊሆን እንደሚችል ተረጋገጠ።

እ.ኤ.አ. በ1999 ከእንግሊዝ ቻናል የተገኘው ይኸው ቫይረስ ዘረ መሉ በ2005 ሲነበብ ወደ 407 ሺህ ጥንድ ፊደላት ነበሩት። የኤች አይ ቪ ከ10 ሺህ በታች መሆኑን ስናስብ ግዙፍነቱ ይገባናል። ይበልጥ ያስገረመው ግን ስፊንጎሊፒድ የተባሉ ቅባቶችን የሚሠሩ ዘረ መሎችን መያዙ ነው። ቫይረሱ በዚህ መንገድ የሕዋሱን የቅባት አሠራር ወደ ራሱ ጥቅም ያዞራል፤ የሚመረቱትም ቅባቶች ሕዋሱ ራሱን በራሱ እንዲገድል ይገፋፉታል። ከዚሁ የቅባት ቤተሰብ የሆነው ሴራማይድ በሰው ሕዋስ አፖፕቶሲስ ውስጥም የታወቀ ሚና አለው። የባሕር ቫይረሶች ከአስተናጋጃቸው ዘረ መል መውሰዳቸው የተለመደ ነው፤ ወደ እኛ ሙያ ስንመጣም፣ የኮሌራ መርዝ ዘረ መል በባክቴሪያው ላይ በሚኖር ቫይረስ የሚተላለፍ መሆኑ በ1996 ታውቋል።

ሕዋሱ ሲፈነዳ በመቶዎች የሚቆጠሩ አዳዲስ ቫይረሶች ይወጣሉ። አብሮም ካርቦን፣ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ብረት ወደ ውሃው ይለቀቃሉ። አልጌው በደቃቅ እንስሳት ተበልቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ሀብት ወደ ዓሣ ያልፍ ነበር። አሁን ግን የሚጠቀሙበት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ እነርሱም ካርቦኑን በመተንፈስ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጡታል፣ አሞኒየምና ፎስፌት ይመልሳሉ፣ በዚያም በሕይወት የተረፉት አልጌዎች ያድጋሉ። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ይህን መንገድ “የቫይረስ ሸንት” ብለውታል። በልብ ክፍተት ምክንያት ደም ሳንባን ሳያዳርስ የሚያልፍበትን ሸንት ለምናውቅ፣ ስያሜው ግልጽ ነው። በእነርሱ ግምት በብርሃን አስተፃምሮ ከተገነባው ካርቦን ከ6 እስከ 26 በመቶ የሚሆነው በዚህ በኩል ያልፋል። ብረት እጅግ ባነሰበት ባሕር እንዲህ ያለው መልሶ አቅርቦት ለአልጌዎቹ ቀላል ነገር አይደለም።

ነገር ግን ሸንቱ ብቻውን ታሪኩን አይሞላም። በቫይረስ የተያዙ አልጌዎች የሚያጣብቅ ስኳራማ ንጥረ ነገር ያመነጫሉ፤ ቅሪቶቹም ተጣብቀው ከነኖራቸው ወደ ጥልቁ ይሰጥማሉ። ያን ጊዜ ካርቦኑ ወደ አየር አይመለስም። እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2013 ውቅያኖሶችን ባሰሰው የታራ መርከብ ናሙናዎች ላይ የተመሠረተና በ2016 የታተመ ጥናት፣ ንጥረ ምግብ በሚያንሳቸው ባሕሮች ወደ ጥልቁ ከሚወርደው ካርቦን ጋር በጥብቅ የተያያዙት የሳያኖባክቴሪያ ቫይረሶች መሆናቸውን አሳይቷል። ስለዚህ አንዱ ቫይረስ ካርቦንን ከላይ ያቆየዋል፣ ወይም ወደ ታች ያወርደዋል፤ ይህንንም የሚወስኑት የተያዘው አልጌ ዓይነት፣ የቅሪቱ ክብደትና የባክቴሪያዎቹ ፍጥነት ናቸው።